ቀበሮው የት ቆሞ ነው?

የዱር እንስሳት ጥበቃ ፖስተር ሥራ ውስጥ የገባሁት እንስሳ ስለምወድ አይደለም። የሠርግ ካርዱና የምርቃት መጽሔቱ ሥራ የቀዘቀዘበት ክረምት ነበር፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ክረምት ነው በጋ ነው አይልም። ጭራሽ እኔ ውሻ የምፈራ ሰው ነኝ። ቀይ ቀበሮን በዓይኔ ከማየቴ በፊት በኮምፒውተር ላይ ጢሙን አንድ በአንድ ከጀርባው ለይቼ ቆርጬዋለሁ፤ የጉሮሮውን ነጭ አጥርቻለሁ፤ ዓይኑ ውስጥ ብርሃን ጨምሬበታለሁ። ስለ እንስሳው ግን የማውቀው ፋይሉ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ ብቻ ነበር።

ሥራውን ያመጣው አንድ የጥበቃ ፕሮጀክት ነው። ፖስተሩ የሚሰቀለው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ዙሪያ ባሉ መንደሮችና ትምህርት ቤቶች ነበር። ሦስት ረቂቅ ተዘጋጀ። ከሦስቱ የተወደደውን የሠራው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እኔ አጸዳሁለት እንጂ ሐሳቡም እጁም የእሱ ነው። እጁ ከእጄ ይበልጣል። ይህን አሁን አፌን ሞልቼ እናገረዋለሁ፤ ያኔ ግን ቅናቱ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ፖስተሩ የቀበሮው ፊት ብቻ ነው። ከዳር እስከ ዳር ገጹን ሞልቶታል፤ ዓይኖቹ የማር ቀለም አላቸው፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ሟሙቶ ወርቃማ ጭጋግ ሆኗል። ከታች በቀጭን ነጭ ፊደል አንድ መስመር፣ ከመስመሩ ሥር የለጋሾች አርማ ተሰልፏል። ቢሮ ውስጥ ያየው ሁሉ “ዋው!” አለ። የእኔ ድርሻ ረቂቆቹን ተሸክሜ መሐል ሜዳና አካባቢው ድረስ ሄጄ፣ ሰው ምን እንደሚያይባቸው ጠይቄ መምጣት ሆነ። የላኩኝ ጥያቄው ለወጉ ያህል እንዲሆን ነበር መሰለኝ፤ ምርጫው ቀድሞ አልቋል።

ከመንገድ ዳር አንድ ሻይ ቤት ገብቼ የፊቱን ፖስተር ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቲቱ ጠና ያሉ እናት ናቸው። ጀበናውን ከእሳት አወረዱና ቀረብ ብለው አዩት፤ ራቅ ብለውም አዩት።

“ይኼ የት ነው ልጄ?”

“እዚሁ ነው እማማ። ጓሳ።”

“ታዲያ ጓሳው የታል?”

እውነታቸውን ነው፤ አንድ ዘለላ ሣር የለም። ጓሳ ማለት መጀመሪያ ሣሩ ነው፤ ቦታው በሣሩ ተጠራ። ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ዝናብ የሚከለልበት ገሳ የሚሠራበት እሱ ነው። እኛ ግን ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ሣሩን በሙሉ አጥፍተን፣ ቀበሮውን የትም በሌለ ቦታ አቁመን “የእናንተ ነው” ልንላቸው መጣን።

ሣሩ እንዴት እንደጠፋ ለመናገር ትንሽ ስለ ሌንስ ማውራት ያስፈልጋል። የዱር እንስሳ ፎቶ የሚነሳው በረጅም ሌንስ ነው፤ እንስሳው ሰው ሲቀርበው ይሸሻልና። ረጅም ሌንስ ሩቁን ሲያቀርብ ጀርባውን ያደበዝዛል። ሜዳው፣ ድንጋዩ፣ በጎቹ፣ እረኛው፣ የጭላዳው መንጋ፣ ሁሉም ወደ ቀለም ጭጋግ ይለወጣል። በመጽሔት ሽፋን ላይ ይህ ግሩም ነው፤ ዓይን ሌላ የሚያርፍበት ስለሌለ በግድ ከእንስሳው ዓይን ጋር ይገጥማል። ኪስ ለማስፈታትም ሁነኛ ዘዴ ነው። ግን ያ ጭጋግ ያለ ቃል የሚናገረው ነገር አለ፤ “ይህ እንስሳ ብቻውን ነው፤ ጎረቤት የለውም” ይላል። እዚያው የሚኖረው ሰው ጎረቤቱ ነው። በፎቶው ውስጥ እንዲደበዝዝ የተደረገው እሱ ራሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፊቱ ገጹን ሲሞላ ቀበሮው ግዙፍ ይሆናል። አንድ ትልቅ ቀይ ቀበሮ ከ20 ኪሎ አይበልጥም፤ ምግቡም በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። በፖስተሩ ላይ ግን ሰው የሚያህል አውሬ ነው። ትምህርት ቤት ስናሳያቸው ከልጆቹ አንዱ “ይበላል?” ብሎ ጠየቀ። መጠኑን የሚለካበት ምንም ነገር ስላልሰጠነው ልጁ አልተሳሳተም።

ሁለተኛው ረቂቅ ቀበሮውን በጎኑ ያሳየ ነበር። ለመለየት ከጎን የተሻለ የለም፤ ቀጭን ረጅም አፉ፣ ረጅም እግሩ፣ ጥቁር ለስላሳ ጅራቱ፣ ደረቱ ላይ ያለው ነጭ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያል። የእንስሳት መለያ መጻሕፍት ይህን የሚመርጡት በምክንያት ነው። ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አባት ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ዲቁና ተምረው ያደጉ ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩት በኋላ እንዲህ አሉ፤

“ምን በደለና ነው ከእነይሁዳ ጋር ያሰለፋችሁት?”

ቀልዱ ለጊዜው አልገባኝም፤ ሲገባኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅና ሰማዕት ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። በጎኑ ተስሎ አንድ ዓይን የሚተርፈው ዲያብሎስ፣ አሳዳጅ፣ ከሐዲ ነው። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩት ሥዕሎችም ይህንኑ ሥርዓት ይዘዋል፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት በሁለት ዓይኑ፣ የጣሊያን ወታደር በአንድ ዓይኑ። እኔ ልጅ ሆኜ እሑድ እሑድ ይህን ግድግዳ እያየሁ ነው ያደግሁት። ዲዛይን ተምሬ፣ ስለ ቀለምና ስለ ነጭ ቦታ ፈተና ወስጄ፣ ይህን ግን አንድም መምህር አላነሳልኝም፤ እኔም ከግድግዳው ወደ ሥራ ጠረጴዛዬ አላመጣሁትም። አባታችን አንድ ነጥብ ጨመሩልኝ፤ “ፊት ለፊትም ብታደርጉት አክሊል እንዳትጨምሩበት፤ ቅዱስ ነው ብለው ይሳለሙታል።”

በእርግጥ አንድ ሰው በጎኑ የተሳለ እንስሳ ሲያይ ሁሉ ዲያብሎስ ትዝ ይለዋል አልልም። በሬም ፈረስም በጎኑ እንስላለን። ግን ቀበሮ ከበሬ እኩል አይደለም፤ አስቀድሞ የተጠረጠረ ነው። የበግ ግልገል ሲጠፋ ስሙ የሚነሳ እንስሳ፣ ጥርጣሬውን የሚያባብስ አቋም ከተሰጠው፣ ሥዕሉ ለጠበቃነት ተቀጥሮ ዓቃቤ ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ረቂቅ ግን ብዙ አስተማረኝ፤ ሳያስቀኝ። በቀይ ክብ ውስጥ ውሻ አለ፤ በላዩ ሰያፍ ቀይ መስመር ተሰምሯል። “ውሻ ወደ ጓሳ አትልቀቁ” ለማለት ነው። ለአሽከርካሪ የተለመደ ምልክት ነው። አንዲት ሴት አይታው ፊቷ ተለወጠና “ውሾቻችንን ልትገድሉ ነው?” አለችኝ። በየከተማው ባለቤት የለውም የተባለ ውሻ በመርዝ ሲፈጅ የሰማ ወይም ያየ ሰው፣ ተሰርዞ የተሳለ ውሻ ሲያይ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? የመንገድ ምልክት መጽሐፍ ያላጠና ዓይን ሰያፍ መስመርን “ክልክል” ብሎ የማንበብ ግዴታ የለበትም። የተሰረዘ ነገር የሚወገድ ነገር ነው። አስባችሁታል? ያንን ለጥፈን ብንሄድ ኖሮ ውሾችን የሚከትብ ሠራተኛ ሲመጣ ውሻው ሁሉ ተደብቆ ይጠብቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ቀበሮው ማንበብ የጀመርኩት፤ ከአፍንጫው ቀለም አልፌ። በዓለም ላይ ያለው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባሌ ተራሮች ላይ። ትልቁ ገዳዩ ጥይት አይደለም፤ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። ቀበሮዎቹ አይጥ የሚያድኑት ለየብቻ ቢሆንም የሚኖሩት በቤተሰብ ነው፤ ጠዋትና ማታ ተገናኝተው አፍ ለአፍ ይነካካሉ፣ አብረው ወሰናቸውን ይዞራሉ። ስለዚህ አንዱ ከታመመ በሽታው ቤተሰቡን ይጨርሳል። በ1996 ዓ.ም. ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ በሽታው ሲገባ በዚያ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆኑት አለቁ። መድኃኒቱ ደግሞ ውሻን መከተብ ነው። ታዲያ ለቀበሮው የሚከራከር ፖስተር ላይ መሐል መቆም ያለበት ማን ነው? ውሻውና የውሻው ባለቤት!

ይህ ሐሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በቻይና የሻርክ ክንፍ ሾርባን ለማስቀረት በተካሄደው ዘመቻ ፊት ለፊት የወጣው የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ያኦ ሚንግ ነው፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ሾርባው የሠርግና የክብር ግብዣ ምግብ ነው፤ ስለዚህ ዘመቻው ያነጋገረው ጋባዡን ነው። ሻርኩ ምንም ቢያምር የሚወስነው ነገር የለም። በሥዕሉ ላይ ውሳኔ የሚያደርገውን ሰው ካላስቀመጥከው፣ ተመልካቹ “ያሳዝናል” ብሎ ያልፋል።

እንግዲህ አራተኛ ረቂቅ በእጄ ሣልኩ፤ ፎቶ የለም፤ መስመር ብቻ። አንዲት እናት ውሻ ይዛለች፤ ሐኪሙ መርፌ ይዟል፤ ከኋላቸው እስከ አድማስ ጓሳ፤ በሣሩ መሐል ጭላዳዎች፤ በጭላዳዎቹ መሐል ትንሽ ቀይ ቀበሮ፣ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ። ይህን የመጨረሻውን ከራሴ አላመጣሁም። ጓሳ ላይ ቀበሮው በሣር ግጦሽ ላይ ያለ የጭላዳ መንጋ ውስጥ ቀስ ብሎ እየሄደ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ልጆቻቸውን አይነካም። ተመራማሪዎችም እንዳስተዋሉት ከመንጋው ጋር ሲሆን አደኑ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። እረኞቹ ይህን ለእኔ ሲነግሩኝ ዜና አልነበረም ለእነሱ። በሥዕሉ ላይ ሲያዩት ግን “አዎ፣ እንዲህ ነው!” አሉ፤ ፖስተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመኑት ያኔ ነው።

የሻይ ቤቷ እናት ግን እንደገና ያዙኝ። ጣታቸውን ውሻው ላይ አድርገው፣ “እንዲህ ተይዞ ማን ይወጋል? ይበጣጥስሻል። አፉን በገመድ፤ ከኋላ ደግሞ አንገቱን እንዲህ” አሉና በራሳቸው ክንድ አሳዩኝ። ሻይ የሚጠጡት ሁለት ወጣቶች አልተስማሙም፤ “አይ፣ ጭንቅላቱን በጉልበት መሐል ነው” አሉ። ክርክሩ ቀጠለ፤ የማን ውሻ ባለፈው ተከተበ፣ የማን አምልጦ ሄደ፣ ምልክት የተደረገለት የትኛው ነው። እኔን ረስተውኛል። በቀደሙት ሦስት ረቂቆች ፊት ሰው የሚያወራው ስለ ሥዕሉ ነበር፤ አሁን የሚያወራው ስለ ውሻው ነው። ቢሮ ውስጥ “ዋው!” ሲባል የሰማሁትን ደስታ ያህል አልጮኸም፤ ግን ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ገመዱን እዚያው ሣልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጓሳን ያቆየው ፖስተር አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው የሚባለው የቀሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ይዘጋው ነበር፤ ከግጦሽም ከማጭድም። የሚመራው ሕዝቡ የመረጠው አባ ቀራ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ሕዝቡ ተነግሮት ይከፈት ነበር፤ የጣሰ ይቀጣ ነበር። ሥርዓቱ የላላው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ ነበረ፤ አይጡ ሲኖር ቀበሮውም ነበረ። ስለ ቀበሮ ብሎ ሣር የዘጋ አልነበረም። የእኛ ፖስተር ፊቱን ብቻ ይዞ ሲመጣ ይህን ሁሉ የጥበቃ ታሪክ ከፍሬሙ ውጪ አስቀርቶት ነበር፤ ያውም ጥበቃ ሊያስተምር።

ሌላው ችግር ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን እንስሳን በአርማነት መጥገባችን ነው። አንበሳ አውቶቡስ ነው። ዋልያ ብሔራዊ ቡድን ነው፣ ቢራም ነው። የደጋ አጋዘን በአሥር ሳንቲም ላይ አለ፤ ኒያላ በሚለው ስሙ ደግሞ ሲጋራ ሆኗል፣ ኢንሹራንስ ሆኗል። እኔ ኮምፒውተሬን ስከፍት ለጽሑፍ የምመርጠው የፊደል ቅርጽ ሳይቀር ኒያላ ይባላል፤ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ስለነበር በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላይ አለ። ስንቱ የቢሮ ሠራተኛ በቀን አሥር ጊዜ ይህን ስም ሲመርጥ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ባሌና አርሲ ላይ የሚገኝ እንስሳ መሆኑን ያስባል? አንድ ሌላ ሥራ ላይ የዋልያ ፖስተር ከተማ ውስጥ ሲሰቀል፣ ከጎኔ የቆመ ሰው በቁም ነገር “አዲስ ጠርሙስ አወጡ እንዴ?” ብሎኛል። አልፈረድኩበትም። ያማረ የእንስሳ ምስል፣ ከሥሩ አጭር መፈክር፣ ከመፈክሩ ሥር አርማ፤ ይህ የሚሸጥ ዕቃ ቅርጽ ነው።

አርማ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ ሲመሠረት ፓንዳን የመረጠው በለንደን መካነ አራዊት ሁሉም ያያት በነበረችው ቺ ቺ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ጥቁርና ነጭ ስለሆነች የኅትመት ወጪ ይቆጥባል ተብሎም ጭምር ነው። ይህን ስሰማ ማተሚያ ቤት የምውል ሰው ስለሆንኩ ልቤ ሞቀ። ንድፉን የሠሩት ሰዎች ቀለም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃሉ። ቀለም ደግሞ የሚያስከፍለው ብር ብቻ አይደለም፤ ፀሐይም ታስከፍላለች።

ይህን ያየሁት ያ የፊት ፖስተር ታትሞ ከተሰቀለ ከወራት በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ በመንዝ ሳልፍ ነው። አዎ፣ እሱም ታተመ፤ ለጋሾቹ ወደዱት። ፀሐይ በሚመታው የኪዮስክ በር ላይ ተለጥፏል። የኅትመት ቀለም አራት ነው፤ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። የቀበሮው ቅላት የተሠራው ከማጀንታና ከቢጫ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ቀድማ የምትጠባው እነዚህን ሁለቱን ነው። የቀረው ሲያንና ጥቁር ነበር። ቀይ ቀበሮው ሰማያዊ ሆኗል! አመድማ ሰማያዊ፤ ከማንኛውም ተራ ቀበሮ በምንም የማይለይ፤ የጉሮሮው ነጭም የሚለይበትን ቅላት አጥቷል። ባለ ኪዮስኩን ይህ ምን እንደሆነ ብጠይቀው “ቀበሮ ነዋ፣ ግልገል የሚበላው” አለኝ። የባልደረባዬ የእጅ ጥበብ ሁሉ በሁለት ቀለም ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ደወልኩለት። ሳቅንበት፤ ከዚያ ግን ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን።

አራተኛው ረቂቅ፣ የውሻው ክትባት፣ በሌላ መልክ ነበር የወጣው። በጥቁር መስመርና በአንድ ቀለም ብቻ አሠራነው፤ ቀለሙ ቢለቅ እንኳ መስመሩ ይቀራል። ፖስተር ማድረጉን ደግሞ ተውነው። አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው መላውን የሰጠን፤ “ሰው ቤቱ ውስጥ አሥራ ሦስት ወር ሙሉ የማያወርደው ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ ካላንደር” አለ። ስለዚህ ካላንደር ሆነ። አጽዋማትና በዓላት፣ የወሩ ቅዱሳን ቀናት፣ የገበያ ቀን ገቡበት፤ የክትባቱ ወር ላይ ትንሽ ውሻ ተሳለች፤ አፏ በገመድ የታሰረ፣ እማማ እንዳሉት። ሥዕሉ ከላይ፣ ቀኑ ከታች። የጾም ቀን ለማየት የመጣ ሁሉ ውሻዋን ሳያይ አይሄድም።

ጭቅጭቁ ግን አላለቀም። ካላንደሩ ሊታተም ሲል ከፕሮጀክቱ የመጣው አስተያየት “ቀበሮው በጣም ትንሽ ነው፤ ይጎላ” የሚል ነበር። ስናስረዳ፣ ሲያስረዱን፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ጨመርንለት፤ ከዚያ በላይ ብናሳድገው ከጭላዳው በልጦ የመንዝ እረኛ ይስቅብናል። እነሱም ሐሰት አልተናገሩም፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ሰው ሩቅ ነው፤ እሱ ፊት ይፈልጋል፤ ፊቱን ካላየ አይሰጥም፤ ካልሰጠ ክትባት የለም። የባልደረባዬን ፖስተር እኔም ቤቴ ሰቅዬዋለሁ፤ ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ። አሁንም ሳየው እቀናለሁ።

አሁን የእንስሳት ጥበቃ ሥራ ሲመጣልኝ የመጀመሪያው ጥያቄዬ “የት ነው የሚሰቀለው?” ነው፤ “አዲስ አበባም እዚያም” ካሉኝ የሁለት ፖስተር ዋጋ አቀርባለሁ። አብዛኛው ደንበኛ በሁለተኛው ዋጋ ላይ ይከራከረኛል። አንዳንዱ ከፍሎ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ፊቱን ብቻ ወስዶ ይሄዳል።